መጽሐፍን በሕይወት የሚያቆየው አንባቢ



አዲስ አበባ ውስጥ ልብ ወለድ ለመግዛት መጻሕፍት መደብር ድረስ መሄድ ግድ አይደለም። መጽሐፉ ራሱ ይመጣል። አዟሪው ወፋፍራሞቹን ከታች፣ ቀጫጭኖቹን ከላይ አድርጎ፣ ርዕስ የተጻፈበትን ጠርዝ ወደ ውጭ አዙሮ፣ ከወገቡ እስከ አገጩ የሚደርስ ክምር በክንዱ አቅፎ ከካፌ ካፌ ይዞራል። ማኪያቶ የያዘው ደንበኛ ዓይኑን ከላይ ወደ ታች እያወረደ ርዕሶቹን ያነባል። ዓይኑ አንዱ ላይ ትንሽ ከዘገየ አዟሪው ልብ ይላል፤ ክምሩን ሳይንድ ያንኑ መጽሐፍ ከመሀል ስቦ ያቀብለዋል። ከዚያ በኋላ ያለው የገዢው ድርሻ ነው። ይገልጠዋል፣ የጀርባውን አስተያየት ያያል፣ ዋጋ ይጠይቃል፣ ይከራከራል። ይህ ሁሉ ከጥቂት ደቂቃ አይበልጥም። በዚያች አጭር ጊዜ ግን አንድ ሰው ሳምንቱን ከማን ጋር እንደሚያሳልፍ ይወስናል።

የዛሬው ዲስኩር ስለዚያ ውሳኔ ነው። ልብ ወለድ እንዴት እንደሚጻፍ ብዙ ተብሏል፤ እንዴት እንደሚመረጥ ግን እምብዛም አይነገርም። ነገሩ ቀላል ስለሚመስል ይሆናል። የአማርኛን ልብ ወለድ ታሪክ ከአንባቢው ወንበር ሆኖ ለተመለከተው ሰው ግን ጉዳዩ ትልቅ ነው። ዛሬ በእጃችን ያሉትን ታላላቅ ሥራዎች ማተሚያ ቤት ብቻውን እዚህ አላደረሳቸውም። አንባቢ መርጧቸው፣ ተዋውሷቸው፣ አንዳንዴም ደብቋቸው ነው የደረሱት።

መጀመሪያ ላይ ምርጫ የሚባል ነገር አልነበረም። ነጋድራስ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ዛሬ ጦቢያ እያልን የምንጠራውን ልብ ወለድ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ሲያሳትሙ፣ አገር ቤት ውስጥ የእንዲህ ያለ መጽሐፍ አንባቢ ጥቂት ነበር። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ብዙም ሳይቆዩ በግዕዝና በአማርኛ የተጻፉ መጻሕፍትን ዝርዝር አሰናድተው አወጡ፤ ለአንባቢ «ይህ ይህ አለልህ» ብሎ የሚነግር ሰው እንደሚያስፈልግ የተረዱ ቀደምት ምሁር ናቸው። ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. ከተቋቋመ በኋላ የመጻሕፍት ቁጥር ቀስ በቀስ ጨመረ። የግርማቸው ተክለሐዋርያት አርአያ በ1940ዎቹ መጀመሪያ ወጥቶ ትምህርት ቤት ሲገባ ደግሞ፣ ብዙ ተማሪ ከልብ ወለድ ጋር የተዋወቀው መምህሩ ባስነበበው በዚያ አንድ መጽሐፍ ነው። ያ ትውልድ ያገኘውን አነበበ፤ ያገኘውንም ደጋገመው።

ነገሩ የተለወጠው በ1958 ዓ.ም. ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ ፍቅር እስከ መቃብርን ያሳተሙት በዚያ ዓመት ነበር። ጎጃም ተወልደው የቤተ ክርስቲያኑን ትምህርት የቀመሱ፣ በወረራው ዘመን ጣሊያን አገር ድረስ ተወስደው የታሰሩ፣ በኋላም በዲፕሎማትነት ውጭ አገር የኖሩ ሰው ናቸው። ይህ ሁሉ ዕውቀት መጽሐፉ ውስጥ አለ። ሆኖም መጽሐፉን የአገር ሁሉ ንብረት ያደረገው አንድ ሌላ ነገር ነው፦ ሬዲዮ። ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው፣ ፊደል ያልቆጠሩ እናቶችና አባቶች ሳይቀሩ የፊታውራሪ መሸሻን ኩራት፣ የጉዱ ካሳን ንግግር፣ የበዛብህንና የሰብለ ወንጌልን መከራ እንደ ጎረቤት ወሬ ተከታተሉት። እስከ ዛሬ ብዙ ሰው መጽሐፉን ሲገልጥ በጆሮው የሚመጣለት የወጋየሁ ድምፅ ነው። አንድ ልብ ወለድ ማንበብ በማይችል ሰው ልብ ውስጥ እንኳ ቤት መሥራት እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም።

ታዲያ ያን ያህል የተወደዱ ደራሲ ሌሎች ሥራዎቻቸው የት ደረሱ? ወንጀለኛው ዳኛን ያነበበ ስንት ሰው አለ? የልምዣትን መደብር ገብቶ የጠየቀስ? ፍቅር እስከ መቃብርን ሦስት ጊዜ ያነበበ ሰው የደራሲውን ሌላ መጽሐፍ ርዕስ ሲጠየቅ ዝም ይላል። ይህ የአንባቢነት ትልቅ ጉድለት ነው። አንድን ደራሲ መውደድ ማለት ተከትሎ መሄድ ነው፤ የደከመበትንም፣ የበረታበትንም ማየት ነው። ደግሞ ከምርጫ መንገዶች ሁሉ አስተማማኙ ይኸው ነው። የወደዱትን ሰው ሌላ መጽሐፍ መፈለግ የማንንም ምክር አይጠይቅም።

በ1962 ዓ.ም. ሁለት ልብ ወለዶች ወጡ። አንዱ የበዓሉ ግርማ ከአድማስ ባሻገር፣ ሌላው የዳኛቸው ወርቁ አደፍርስ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ማየት ስለ ምርጫ ብዙ ያስተምራል።

ከአድማስ ባሻገር በአንድ ትንፋሽ ይነበባል። አበራ ወርቁ የሚባል የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዙን ትቶ ሠዓሊ መሆን ያምረዋል፤ ዘመድ ይቃወመዋል፣ ፍቅር ይይዘዋል፣ ወዳጅነት ይፈተናል። ዓረፍተ ነገሮቹ አጫጭር ናቸው፤ የአዲስ አበባ ሕይወት ከነጭንቀቱ ይታያል። ሥራውን ጠልቶ ሌላ ሕይወት የተመኘ ወጣት ሁሉ ራሱን ያገኝበታል። መጽሐፉ በየጊዜው እየታተመ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ መኖሩ አይገርምም።

አደፍርስ ሌላ ዓለም ነው። ቦታው ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ፣ ደብረ ሲና አካባቢ ነው። ባላባቷ፣ ካህኑ፣ ገበሬው፣ ከዩኒቨርሲቲ የመጣው ወጣት፣ እያንዳንዱ በራሱ አንደበት ይናገራል። ደራሲው ማን እንደተናገረ ሁልጊዜ አይነግርም፤ አንባቢው ከአነጋገሩ እንዲለይ ይጠበቅበታል። ብዙ ሰው ሃያ ገጽ ሳይሞላ ይዘጋዋል። የሚያሳዝን ነገር ነው፤ ምክንያቱም በአማርኛ ከተጻፉት ልብ ወለዶች መካከል የንግግርን ውበት እንዲህ ያሳየ ጥቂት ነው። መፍትሔውም ከባድ አይደለም። ጮክ ብሎ ማንበብ ነው። ንግግሩ ከአፍ ሲወጣ ባላባቷ ከካህኑ ወዲያው ትለያለች፤ ክርክሩም ዕለት ተዕለት ከምንሰማው የአሮጌና የአዲስ ሙግት ጋር ይገጥማል። በሃያ ዓመት ዕድሜ ያልገባ መጽሐፍ በአርባ ዓመት ሊገባ ይችላልና አደፍርስን የዘጉ ሰዎች መልሰው እንዲገልጡት ይመከራሉ። ዳኛቸው ከዚያ በኋላ በእንግሊዝኛ የጻፈው ልብ ወለድ በ1973 እ.ኤ.አ. በታዋቂው የአፍሪካ ደራስያን ተከታታይ ኅትመት ውስጥ መውጣቱ የሰውየውን አቅም ያሳያል።

ከእነዚህ ሁለቱ የትኛው ይመረጥ? ሁለቱም። ነገር ግን ጊዜያቸውን ጠብቀው። የደከመ ሰው ማታ አልጋው ላይ ሆኖ አደፍርስን ቢጀምር መጽሐፉንም ራሱንም ይበድላል። መጽሐፍ ሲመረጥ የመጽሐፉን ብቻ ሳይሆን የራስንም ሁኔታ ማየት ያስፈልጋል።

መምረጥ ዋጋ የሚያስከፍልበት ዘመንም ነበር። በዓሉ ግርማ የደርግን የቀይ ኮከብ ዘመቻ አስመራ ላይ ተገኝቶ ከታዘበ በኋላ ኦሮማይን ጻፈ፤ መጽሐፉ በኩራዝ አሳታሚ ድርጅት በኩል በ1975 ዓ.ም. ወጣ። የጋዜጠኛው ፀጋዬ ኃይለ ማርያምና የፊያሜታ ፍቅር ከጦርነቱ ጋር ተጠላልፎ የሚተረክበት ይህ መጽሐፍ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ተሰበሰበ። ደራሲው ከሥራው ተባረረ፤ በ1976 ዓ.ም. የካቲት ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። የእሱ ነገር እስከ ዛሬ ያልሻረ ቁስል ነው። መጽሐፉ ግን አልጠፋም። ቀድመው የገዙ ሰዎች ሸሸጉት፤ ለሚያምኑት ሰው አዋሱት፤ የተዋሰው በአንድ ሌሊት ጨርሶ መለሰ። ያ ሁሉ ሰው ያን መጽሐፍ ሲመርጥ በጀርባው የታተመ ምስጋና አላየም። እውነት አለበት ሲባል ሰምቶ ነው። ዛሬ ኦሮማይ በየመደብሩ አለ፤ በ2025 እ.ኤ.አ. ደግሞ በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ወጥቷል። አሜሪካና አውሮፓ ተወልደው አማርኛ መናገር እንጂ ማንበብ ያልቻሉ ልጆች ወላጆቻቸው በሹክሹክታ ያነበቡትን መጽሐፍ አሁን በግልጽ ማንበብ ይችላሉ።

በዚያው ዘመን ማዕከላዊ እስር ቤት ውስጥ ሌላ ነገር ይሠራ ነበር። እዚያ ታስሮ የነበረው ነቢይ መኮንን የማርጋሬት ሚቸልን ግዙፍ ልብ ወለድ ወደ አማርኛ ይመልስ ነበር። ወረቀት አልነበረውም፤ ከሲጋራ ፓኮ ውስጥ በሚወጣው ወረቀት ላይ ጻፈ። እያንዳንዷ ቁራጭ ከመዳፍ የማትበልጥ ነች፤ ቁራጮቹ በሺዎች ተቆጠሩ፤ ተሸሽገውም ከእስር ቤት ወጡ። ሥራው ነገም ሌላ ቀን ነው በሚል ርዕስ ታትሞ የአማርኛ አንባቢ ከሚወዳቸው ትርጉሞች አንዱ ሆነ። ስለ አሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነትና ስለ አንዲት የደቡብ ሴት ግትርነት የሚያወራ ልብ ወለድ ለኢትዮጵያ እስረኛ ምን ያደርግለታል የሚል ሰው ይኖራል። መልሱን የሰጡት እስረኞቹ ናቸው። ጦርነት ቤት ሲያፈርስና ሰው ከፍርስራሹ ሲነሳ ማንበብ ፈለጉ። የሰው ልብ መጽሐፉን ሲያገኘው የአገሩን ስም አይጠይቅም።

ገንዘብ የሌለው አንባቢስ? የ1970ዎቹና የ1980ዎቹ ልጆች የመጽሐፍ ኪራይን አይረሱም። መያዣ ይሰጥ፣ ጥቂት ሳንቲም ይከፈል፣ መጽሐፉም በቀኑ ይመለስ ነበር። የኪራይ መጽሐፍ በሩቁ ይታወቃል፦ ሽፋኑ በቀን መቁጠሪያ ወረቀት ተለብጧል፣ ማዕዘኖቹ ተጣጥፈዋል፣ የመጨረሻዎቹ ገጾች አንዳንዴ የሉም። የማሞ ውድነህ የስለላና የጦርነት ትርጉሞች፣ የሲሳይ ንጉሡ ሰመመን፣ የብርሃኑ ዘሪሁን ታሪካዊ ልብ ወለዶች በዚህ መንገድ ስንቱን ሰፈር አዳረሱ። ኪራዩ አንድ ጥሩ ልማድ ፈጥሮ ነበር። መጽሐፉን የመለሰ ልጅ ለሚቀጥለው ተከራይ አስተያየት ይሰጣል፤ «ይህን ውሰድ፣ ያንን ተወው» ይላል። ከዚያ የበለጠ ሐቀኛ ሂስ አይገኝም፤ የሚናገረው ልጅ ከመጽሐፉ የሚያገኘው ጥቅም የለውም።

ዛሬ ደግሞ ችግሩ ተገልብጧል። ርዕሱ በዝቷል። ብሔራዊ ቲያትር አካባቢ፣ አራት ኪሎ፣ መርካቶ፣ ለገሃር ለዘመናት መጽሐፍ ሲሸጥባቸው ኖሯል፤ አሮጌ መጽሐፍ መሬት ላይ ዘርግተው የሚሸጡ ነጋዴዎችም አሉ። በ1936 ዓ.ም. የተመሠረተው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት፣ ወመዘክር፣ አለ፤ አራት ኪሎ ላይ በ2014 ዓ.ም. የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት አለ። የወረቀትና የኅትመት ዋጋ ስለናረ ግን የአንድ ልብ ወለድ ዋጋ ተማሪን ያሳስባል። ያለችውን ገንዘብ በማይረባ መጽሐፍ ላይ ያጠፋ ሰው ለሚቀጥለው ወር ሌላ አይገዛም፤ ምናልባትም ከዚያ ወዲያ ጨርሶ አይገዛም። ስለዚህ መምረጥን ማወቅ ከበፊቱ ይልቅ ዛሬ ያስፈልጋል።

የጀርባ ሽፋን አስተያየት ብዙ አይረዳም። የደራሲው ወዳጆች የጻፉት ነው፤ ወዳጅ ደግሞ ለማመስገን ነው የሚጠራው። የሽፋኑ ሥዕልም ያሳስታል። የተሻለው ነገር የመጀመሪያውን ገጽ አልፎ መሀሉን መግለጥ ነው። ደራሲ ሁሉ ለመጀመሪያው ገጽ ይጠበባል፤ መሀሉ ላይ ግን እውነተኛ ማንነቱ ይወጣል። እዚያ አንድ ንግግር ይፈለግ። ሰዎቹ ይለያያሉ ወይስ ሁሉም እንደ ደራሲው ይናገራሉ? አሮጊቷ እንደ ተማሪ ትናገራለች? አማቹ አማቱን «አንቱ» ማለት ሲገባው «አንተ» ብሎ ከሆነ፣ ደራሲው ሆን ብሎ ቁጣ ሊያሳይ ነው ወይስ አላስተዋለም? የአማርኛ አንባቢ በአንድ ግስ መጨረሻ ላይ ሰዎቹ ያላቸውን ዝምድና፣ ቅሬታ፣ ንቀትና ፍቅር ማየት ይችላል። ይህን የሚያውቅ ደራሲ በአንድ ገጽ ይታወቃል፤ የማያውቀውም እንዲሁ።

ከዚያ ቀጥሎ የኅትመቱን ገጽ ማየት ነው። ለስንተኛ ጊዜ ታተመ? በየስንት ዓመቱ? በአንድ ዓመት ውስጥ ደጋግሞ የታተመ መጽሐፍ ወሬ ሆኖ ሊሆን ይችላል፤ በሃያና በሠላሳ ዓመት ልዩነት እየተነሣ የታተመ መጽሐፍ ግን ልጆች ከወላጆቻቸው የተቀበሉት ነው።

ይህ ሲባል ወሬ የሆነ መጽሐፍ ይናቅ ማለት አይደለም። የይስማዕከ ወርቁ ዴርቶጋዳ በ2001 ዓ.ም. ወጥቶ ተደጋግሞ ሲታተም ሃያሲው ብዙ ነቀፋ አነሣ። ነቀፋው መሠረት የለውም አይባልም። ነገር ግን ከዚያ በፊት አንድም ልብ ወለድ ጨርሶ የማያውቅ ስንት ወጣት በዚያ መጽሐፍ ወደ ንባብ ገባ! የአንባቢ ነገር በገባበት በር አይወሰንም፤ ከገባ በኋላ ወደ የትኛው ክፍል እንደሚሄድ ነው ጥያቄው። ዴርቶጋዳን ጨርሶ ሌላ የፈለገ ልጅ ከጎኑ ጥሩ መጽሐፍ ሻጭ ቢኖር ከአስር ዓመት በኋላ የአዳም ረታን ግራጫ ቃጭሎች ሊይዝ ይችላል። አዳም ረታ አንባቢውን የሚያለፋ ደራሲ ነው፤ ትዝታው ከትዝታ ይወለዳል፣ ሰዎቹ ከአንዱ መጽሐፍ ወደ ሌላው ያልፋሉ። ልፋቱ ግን ከንቱ አይቀርም፤ የግራጫ ቃጭሎችን ባለ ታሪክ መዝገቡ ዱባለን አንዴ ያወቀ ሰው አይረሳውም።

ጥሩ መጽሐፍ ሻጭ የሚባለው እንግዲህ ይህን መንገድ የሚያውቅ ነው። ደንበኛው ባለፈው ወር የወሰደውን ያስታውሳል፤ «ወደድከው?» ብሎ ይጠይቃል፤ መልሱን ሰምቶ ሌላ ያወጣለታል። አንዳንዱ አዟሪ በዚህ ረገድ ትልቅ መደብር ካለው ነጋዴ ይበልጣል፤ ለመሸጥ የግድ ሰው ማወቅ አለበትና። እንዲህ ያለ ሻጭ ያገኘ አንባቢ አይልቀቀው።

አንድ ነገር ግን ዝም ተብሎ መታለፍ የለበትም። ከአዟሪውም ከመደብሩም የሚገኘው ሁሉ ትክክለኛ ቅጂ አይደለም። ደራሲው ሳያውቅ የተባዛ መጽሐፍ በየቦታው ይሸጣል። ምልክቱ አይጠፋም፦ የሽፋኑ ቀለም ይደበዝዛል፣ ፊደሉ ይሰባበራል፣ መስመሩ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል፣ ሙጫው አንዴ ሲገለጥ ይለቃል፤ ዋጋውም ይቀንሳል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 የደራሲን የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል። ሐዲስ ዓለማየሁ ያረፉት በዚያው በ1996 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ የፍቅር እስከ መቃብር መብት እስከ 2046 ዓ.ም. ድረስ ባለቤት አለው ማለት ነው። የተሰረቀውን ቅጂ የሚገዛ ሰው በጥቂት ብር አተርፋለሁ ሲል የሚወደውን ደራሲ ቤተሰብ ይነጥቃል፤ በሕይወት ያለውን ደራሲ ደግሞ ሁለተኛ መጽሐፍ እንዳይጽፍ ያደርገዋል። በዚህ ላይ ለዘብ ያለ ቃል መናገር አይገባም፤ ስርቆት ነው።

የንባብ ወዳጆች፤ መደብሩ የሚያመጣው የተጠየቀውን ነው። ፍቅር እስከ መቃብርን ያነበባችሁ የልምዣትን ጠይቁ፤ ከአድማስ ባሻገርን የወደዳችሁ አደፍርስን ጠይቁ። የለም ከተባላችሁ በሚቀጥለው ሳምንትም ተመልሳችሁ ጠይቁ፤ አንዱ ሲጠይቅ የማይሰማ አሳታሚ ብዙው ሲጠይቅ ያትማል። ስትገዙ ትክክለኛውን ቅጂ ግዙ፤ አንብባችሁ ስትጨርሱም መደርደሪያ ላይ አታስቀምጡት፣ ለሚያነብ ሰው አውሱት፣ መልስም በሉት።